አሮጌውን ስልክ ቶሎ ሸኘሁት

ዕቁብ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ስታዲየም አካባቢ ካሉት የስልክ ሱቆች በአንዱ ተገትሬ ነበር። ሐሙስ ማታ ደግሞ እናቴ በስልክ እንደ መርማሪ ፖሊስ ታፋጥጠኝ ነበር። በዚህ መሀል የሆነውን ነው የምጽፍላችሁ። ስልክ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ የእኔን ስህተት በነፃ ውሰዱት፤ እኔ ከፍዬበታለሁ።

የድሮው ስልኬ 5 ዓመት አገልግሎኛል። ስክሪኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ሜሞሪው ከመሙላቱ የተነሳ አንድ ፎቶ ለማንሳት አንድ ፎቶ ማጥፋት ነበረብኝ። ቻርጅ የሚያደርገው ገመዱ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ከሥሩ መጽሐፍ ሲደረግለት ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ «የእሷ ስልክ ትራስ ይፈልጋል» እየተባለ ይቀለድብኝ ነበር። ታዲያ ዕቁቡ ሲወጣልኝ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ገባ።

የገዛሁትን ብራንድ አልናገርም፤ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። አንድሮይድ ነው። 128 ጂቢ፣ ባትሪው 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት። መካከለኛ የሚባል ስልክ።

ታናሽ ወንድሜ ከቤት ስወጣ «ሳታይው ብር እንዳትሰጪ» ብሎኝ ስለነበር ሱቅ ውስጥ ጨዋ ነበርኩ። መጀመሪያ እንደ ስልክ ቁጥር ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ጻፍኩ። ወዲያው 15 አሃዝ ያለው፣ እያንዳንዱን ስልክ ለይቶ የሚያሳውቀው የአይኤምኢአይ ቁጥር ብቅ ይላል። ሁለት ሲም ከያዘ ሁለት ቁጥር ነው የሚያወጣው። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት። ገጠመ። ከዚያ የራሴን ሲም ከትቼ ለወንድሜ ደወልኩ። ይህችን አትዝለሉ። ከውጭ አገር የሚመጡ ስልኮች አንዳንዶቹ ለመጡበት ኔትወርክ ብቻ የተቆለፉ ናቸው። ሲበሩ ያምራሉ፣ የኛን ሲም ግን አይቀበሉም። ነጭ ፎቶ ከፍቼ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ፈለግኩ። ድምፄን ቀድቼ አዳመጥኩ። ቻርጀር ሰካሁ። በፊትም በኋላም ካሜራው ፎቶ አነሳሁ። የአይኤምኢአይ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍልኝ ጠየቅኩ። ሻጩ ልጅ ትዕግሥቱ አለቀና «እህቴ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልታገቢው?» አለኝ። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ገዛሁት።

አንድ ነገር አስደንግጦኝ ነበር። 128 ጂቢ የተባለው ስልክ ገና ሳልነካው ከ20 ጂቢ በላይ ተይዟል ይላል። ልጁ አልሰረቀኝም። ስልኩ የሚሠራበት ሲስተምና አብረውት የመጡት አፖች የያዙት ቦታ ነው። ይህን አስባችሁ ግዙ። 64 ጂቢ ብላችሁ የምትገዙት 64 ሆኖ እጃችሁ አይገባም።

ወደ ቢሮ የምመለሰው በታክሲ ነበር። አልተሳፈርኩም፤ በእግሬ ሄድኩ። ለገሃር ደርሼ ያንን ጣሊያን ሮም ወስዶት የነበረውን ሞዓ አንበሳ ፎቶ አነሳሁት። በየቀኑ የማልፈው ሐውልት ነው። አንበሳው ዘውድ ማድረጉን ያስተዋልኩት ግን ያን ቀን በስልኬ ስክሪን ነው። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ይዤ የትግላችንን ቀይ ኮከብ በዙም ሳብኩት። ዙሙ ሲበዛ ኮከቡ ኮከብ መሆኑ ቀርቶ የበርበሬ ምልክት መሰለ። በእንደኔ ዓይነት ስልክ ላይ ዙም ማለት ያነሳኸውን መቁረጥ ማለት ነው። ጠጋ ብሎ ማንሳት ይሻላል።

ቢሮ ስደርስ «ይመረቅ!» ተባለ። ለ6 ሰው ማኪያቶ ከፈልኩ። አንዷ ቀለሙን፣ አንዱ ክብደቱን፣ ሌላው ዋጋውን መረመረ። ዋጋውን የሰማ ሁሉ «እኔ የማውቀው ሰው ጋር ብትሄጂ ኖሮ…» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚያውቀው ስልክ ሻጭ የሌለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልግባ።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። እስካሁን የምትይዘው በቁልፍ የሚሠራውን ትንሹን ስልክ ነበር። አጎቴ ሐሙስ ንጋት ወደዚያ እንደሚሄድ ስሰማ ደስ አለኝ። ረቡዕ ማታውኑ ሲሜን አወጣሁ፣ ሜሞሪ ካርዱን አወጣሁ፣ አሮጌውን ስልክ በአልኮል ጠረግ ጠረግ አድርጌ ከነገመዱ ሰጠሁት። «መጽሐፍ ከሥሩ እንዳትረሱ» ብዬ ቀልድም ጨምሬያለሁ። ሲም ካርድ ካወጣሁ ሁሉም ነገር አብሮኝ የመጣ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አዲሱን መሙላት ጀመርኩ። ያቺ ማታ ሌላ ናት። አንዱን አፕ አወርዳለሁ፣ ሌላው ከሥር «ይህንንስ?» ይለኛል። የአየር ሁኔታ። የግፃዌ። የምግብ አሠራር። ፎቶን ሥዕል የሚያስመስል። የጊታር መቃኛ፤ ጊታር የለኝም። እንቅልፌን የሚለካ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስቆጥራቸው 43 ደርሰዋል። እንቅልፍ የሚለካውን ለመጫን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

በየመሀሉ ስልኩ ጥያቄ ይጠይቃል። እኔ ሳላነብ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ኢንተርኔቱ የወንድሜ ነበር። ሲም የሚገባባት፣ ኪስ ውስጥ የምትያዝ ትንሽ ዋይፋይ አለችው። ጠዋት ሲነሳ የወሩ ፓኬጅ የለም። «ምን አድርገሽ ነው?» አለኝ። የእኔ አፖች የበሉት ከፊሉን ብቻ ነው። ቀሪውን የበላው ስልኩ ራሱ ነው። እንዲህ ነው የሆነው። ስልክ ዋይፋይ ካገኘ እንደ ቤት ያልተገደበ መስመር ይቆጥረዋል። ዋይፋዩ በውስጡ ተቆጥሮ የሚያልቅ ፓኬጅ እንዳለው በራሱ አያውቅም። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ አብረውት የመጡትን አፖች ሲያሳድስ አደረ።

መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ ስትገቡ መስመሩ የተገደበ እንደሆነ የምትነግሩበት ምርጫ አለ፤ በእንግሊዝኛው ሜተርድ ይለዋል። እሱን አብሩት። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁም አፖች በራሳቸው እንዳይታደሱ ማድረግ ትችላላችሁ። ለወንድሜ ፓኬጁን ተካሁለት። አሁንም ዋይፋይዋን ሲያይ እኔን ያያል።

ያቺው ሌሊት አልጨረሰችም። ከጫንኳቸው አንዱ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ ነው። በጣም ወደድኩት። ልተኛ ስል አይኔ እሱን እያየ በስልኩ አላርም 12:30 ብዬ ሞላሁ። ጠዋት 12:30 ማለቴ ነው። አላርሙ ግን የሚያውቀው የራሱን አቆጣጠር ነው። ለእሱ 12:30 ከሌሊቱ 6:30 ነው። ገና ዓይኔን ስከድን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጮኸ። ይህን አፕ ከጫናችሁ አላርም ስትሞሉ የ6 ሰዓቱን ልዩነት አትርሱ።

ሐሙስ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ የባንኬን አፕ ከፈትኩ። «ይህ መሣሪያ አልተመዘገበም» አለኝ። የባንክ አፕ ብዙውን ጊዜ ከስልኩ ጋር ነው የሚታሰረው፤ ሲሙ ስለተዛወረ ብቻ አይከፍትም። የባንኩን ስም ልተወው። ቅርንጫፍ ሄጄ መታወቂያ አሳይቼ፣ ፎርም ሞልቼ፣ የምሳ ሰዓቴ አለቀ። ቴሌብር ግን በሲሜ በመጣ የማረጋገጫ ቁጥርና በፒኔ ወዲያው ተከፈተልኝ።

ዋትሳፕ ቁጥሬን ተቀብሎ ገባ፤ የድሮ ወሬዎቼ ግን ከ8 ወር በፊት ያሉት ብቻ ናቸው። ሜሞሪው ሞልቶ ስለነበር ከዚያ ወዲህ ባክአፕ አላደረገም። ሁለቱ ስልኮች ጎን ለጎን ቢሆኑ ኖሮ የአንዱን ካሜራ በሌላው ላይ አነጣጥሮ ሁሉንም ማሸጋገር ይቻል ነበር። አሮጌው ግን ያን ጊዜ ሸኖን አልፎ ነበር።

ቴሌግራሙ ነው ጉዱ። ቁጥሬን አስገባሁ። እሱም ኮዱን በሌላው መሣሪያዬ ላይ ወዳለው ቴሌግራም እንደላከው ነገረኝ። ብዙ ሰው ኮድ ሁልጊዜ በኤስኤምኤስ የሚመጣ ይመስለዋል። ቴሌግራም ሌላ ቦታ ተከፍቶ ካገኘ ግን ቀድሞ የሚልከው ወደዚያ ነው። በኤስኤምኤስ ላክልኝ የሚለው ምርጫ ጠብቄው አልመጣልኝም። የሥራ ግሩፖቼ፣ የዕቁቡ ግሩፕ፣ የቤት ኪራይ ደረሰኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው። ማታ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ስልኩ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል የኔ ልጅ። እንደ መስታወት ያበራል።»

«ጢን ያለ ነገር አለ? ከላይ አምስት ቁጥር መጥቷል።»

«አዎ፣ መጥቷል።»

«በይ አንብቢልኝ።»

ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ለምን ፈለግሽው?»

«ቴሌግራሜን ልከፍትበት ነዋ!»

«ባንክ ቤት የነገሩኝን የረሳሁ መሰለሽ? ደውሎ ቁጥር ንገሪኝ ያለሽን ሁሉ ዝጊበት ነው ያሉኝ። ልጅሽ ነኝ ቢልሽም።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ! ድምፄን አታውቂውም?»

«ድምፅ ይመሰላል አሉ።» ትንሽ አሰበችና «የአያትሽ ላም ስም ማን ነበር?» አለችኝ።

«ቡሬ።»

«ቡሬ በሬው ነው።»

«እሺ ላሟ… ሻሼ!»

«በይ ጻፊ» አለችና አምስቱን ቁጥር አንድ በአንድ፣ እንደ ሐኪም ትዕዛዝ አነበበችልኝ።

ስስቅ ነበር ያደርኩት። በኋላ ሳስበው ግን ትክክል እሷ ናት። ሰዎች ቴሌግራማቸውን የሚነጠቁት በዚችው በአምስት ቁጥር ነው። አንድ የሚያውቁት ሰው ስም ይዞ «በስህተት ወዳንቺ ኮድ ልኬ ነው» ይላል፣ ይነግሩታል፣ አለቀ። እኔ እንደገባሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አበራሁ። ከኮዱ ሌላ የራሴን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። አዲስ የገባ ስልክ ሌላውን ወዲያው ማስወጣት ስለማይፈቀድለት አንድ ቀን ጠብቄ፣ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ከፍቼ አሮጌውን ስልክ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ሆኜ አስወጣሁት።

እና እባካችሁ፣ አሮጌው ስልክ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቤት ይቀመጥ። የባንኩ፣ የቴሌግራሙ፣ የዋትሳፑ፣ የፎቶው ጉዳይ ሁሉ እስኪያልቅ። ስትሰጡት ደግሞ በመጀመሪያ የጉግል አካውንታችሁን ከውስጡ አውጡ፣ ከዚያ ሴቲንግ ገብታችሁ በውስጡ ያለውን ሁሉ ሰርዙት። አካውንቱን ሳታወጡ የጎን ቁልፎቹን ተጭናችሁ በግድ ብትሰርዙት፣ ሲበራ የእናንተኑ አካውንትና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ስልክ እንዳይሰረቅ የተሠራ መከላከያ ነው፤ የገዛው ሰው ግን እናንተን ነው የሚረግመው።

ከስርቆት ጋር የተያያዘ ሌላም ሞክሬያለሁ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አካባቢ ለአንድሮይድ 10ና ከዚያ በላይ ማውጣት የጀመረው ነገር ነው። ስልኩ ከእጅ ተነጥቆ ሲሮጥበት በእንቅስቃሴው አውቆ ስክሪኑን ይቆልፋል። ሴቲንግ ውስጥ ጉግል በሚለው ሥር ከስርቆት መከላከያዎቹ ጋር ታገኙታላችሁ። ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልክ አውጥቶ ለሚቆም ሰው ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ቅዳሜ ወንድሜን «ንጠቀኝና ሩጥ» አልኩት። ሰፈራችን ውስጥ ነጠቀኝና ሮጠ። አልቆለፈም። ደገመው። አልቆለፈም። በሦስተኛው ቆለፈ፤ ግን በዚያው ቅጽበት የጎረቤታችን ልጅ «ሌባ!» ብሎ ጮኾ ወንድሜን አሯሯጠው። ስለዚህ አብሩት፣ አትመኑበት። ይልቅ የጠፋ ስልክ መፈለጊያው መብራቱን አረጋግጡ፣ የአይኤምኢአይ ቁጥሩንም ከስልኩ ውጭ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ከ43ቱ አፖች ዛሬ 11 ቀርተውኛል። ባትሪ መብራት የሚባል አፕ የስልክ ቁጥሮቼን ማየት ስለጠየቀኝ አጠፋሁት። መብራት የኔ ዘመድ ማን እንደሆነ ምን ያደርግለታል? ስልኩ ራሱ መብራት አለው። አንድ ሰው ቴሌግራም ቻናል ላይ የባንክ አፕ ፋይል ልኮልኝ ነበር፤ አልነካሁትም። የባንክ አፕ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ፤ እዚያም ያወጣው ማን እንደሆነ አንብቦ።

ከቀሩት ውስጥ በጣም የምወደው የጉግል ኪቦርድ ነው። አማርኛ ጨመርኩበት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ግን ለብዙ ዓመት ስልኮች ፊደሉ ስላልነበራቸው አማርኛ ስንልክ ባዶ ሳጥን ይደርስ ነበር። ስንቶቻችን «ሰላም»ን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ኖረናል! አሁን ማይክራፎኗን ነክቼ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ይህ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ እንዳለ ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። ዝግ ብለው ከተናገሩ ጥሩ ይጽፋል። በችኮላና በአራዳ አነጋገር ግን ግራ ይጋባል። ለአለቃዬ ሪፖርት ስናገር ቡና የምታፈላው ልጅ «ስኳር ልጨምር?» ብላ ሪፖርቱ ውስጥ ገብታለች። ከመላካችሁ በፊት አንብቡት።

ሁለተኛው የጉግል ድራይቭ ካሜራ ነው። መታወቂያና ደረሰኝ አንስቶ ጠርዙን አስተካክሎ ፒዲኤፍ ያደርጋል። አንድ ወረቀት ስካን ለማስደረግ ፎቶ ኮፒ ቤት መሰለፌ ቀረ። ካርታውንም ኢንተርኔት ሳይኖር እንዲሠራ አዲስ አበባን አውርጄ አስቀምጫለሁ። ቤት ሲጠቁሙኝ ግን አሁንም «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» ነው የሚሉኝ። እሱን የሚያውቅ አፕ አልተሠራም።

ባለፈው እሁድ ለእናቴ የራሷን ቴሌግራም ላወጣላት በስልክ እየመራኋት ነበር። ቁጥሯን አስገባች። ጠበቅን። ጢን ሲል እኔም ሰማሁት።

«መጣልኝ» አለች።

«ስንት ይላል?»

«አልነግርሽም። የት ነው የማስገባው?»